ከአተላው ጋር የከረመ ወይን

ደብረ ታቦር ላይ ጠጅ የምትጥል ሴት አጥብቃ የምታውቀው ነገር አለ፤ የደረሰ ጠጅ አምቡላው ላይ አይቆይም። ማሩ በውሃ ተበጥብጦ ብርዙ በወይራ በታጠነ ጋን ሁለት ሦስት ቀን ያድራል። ከዚያ ጌሾው ይገባል፤ እንደ ብርዱ ሁኔታ ሁለት ሳምንትም ሦስት ሳምንትም ይብላላል። ሲደርስ ይጠለላል። ጨርቁ ላይ የሚቀረው ሰም፣ የጌሾ ስባሪና ሥራውን የጨረሰ እርሾ ነው። የጠላ አተላም እንዲሁ ተለይቶ ለከብት ይሰጣል። ተዘንግቶ አምቡላው ላይ የሰነበተ ጠጅ ይኮመጥጣል፤ ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አላስፈለገም፤ የብዙ ትውልድ ኪሳራ አስተምሮታል።

ደብረ ታቦር ካለችበት ከጉና ተራራ አካባቢ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በሰሜን ፈረንሳይ ሬምስ ከተማ፣ ከዚህ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ሥራ ይሠራል። በድሮ ዘመን ድንጋይ ሲወጣባቸው የኖሩ፣ እስከ 30 ሜትር ገደማ ወደ ታች የሚወርዱ የኖራ ድንጋይ ጉድጓዶች አሉ። እዚያ ውስጥ ሻምፓኝ ከነአተላው በጎኑ ተጋድሞ ስምንት ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት፣ አንዳንዱም ከ30 ዓመት በላይ ይተኛል። ሲወጣ ግን አልኮመጠጠም። እንዲያውም ከአተላው ጋር በቆየ መጠን ዋጋውም ክብሩም ይጨምራል። እዚህ ጠጅን የሚያበላሽ አተላ እዚያ ወይንን የሚያከብረው ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ወስዷል። መልሱ ደግሞ ሁሉንም ወገን ያስደነቀ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የሻምፓኝ ሠሪዎችም አተላውን ጠልተውት ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ክሪስቶፈር ሜሬት በ1662 ለንደን ውስጥ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ነጋዴዎች ያለቀ ወይን ላይ ስኳር ጨምረው እንዲፍለቀለቅ እንደሚያደርጉ መዝግቧል። ስኳሩን የሚበላው እርሾ ነው። በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ሲበላ የሚወጣው ጋዝ መሄጃ ስለሚያጣ ወይኑ ውስጥ ይሟሟል፤ አረፋው የሚመጣው ከዚህ ነው። ችግሩ እርሾው ሲሞት ጠርሙሱ ሥር ዝቃጭ ሆኖ መቅረቱ ነበር። ጠርሙሱ በተነቀነቀ ቁጥር ወይኑ ይደፈርሳል። ወደ ሌላ ጠርሙስ ቢገለበጥ ደግሞ ጋዙ ያመልጣል።

ይህን የፈታችው በ1805፣ ገና በ27 ዓመቷ ባሏ የሞተባት ባርብ ኒኮል ክሊኮ ናት። የባሏን የወይን ንግድ ተረክባ፣ አንትዋን ሙለር ከሚባል የምድር ቤት ኃላፊዋ ጋር በ1810ዎቹ አንድ ዘዴ አወጣች። በሚተረከው መሠረት የወጥ ቤት ጠረጴዛ አስበስታ ጠርሙሶቹን አንገታቸውን ወደ ታች ሰካቻቸው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲዞሩና ሲዘቀዘቁ ዝቃጩ ተንሸራትቶ ቡሹ ላይ ይሰበሰባል። ያኔ ጠርሙሱ በፍጥነት ይከፈታል፤ ጋዙ ራሱ ዝቃጩን ገፍቶ ያስወጣዋል፤ የጎደለው ተሞልቶ እንደገና ይከደናል። ዛሬም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከተለወጡት ነገሮች አንዱ አንገቱ ላይ ያለው ዝቃጭ በረዶ ሆኖ እንዲወጣ መደረጉ ነው። ክሊኮ የፈለገችው ጥርት ያለ ወይን ብቻ ነበር። አተላው ለእሷ መወገድ ያለበት ቆሻሻ ነበር።

በ1830ዎቹ የሻሎን ከተማው መድኃኒት ቀማሚ ዣን ባቲስት ፍራንስዋ ጠርሙስ ሳይፈነዳ ምን ያህል ስኳር መጨመር እንደሚቻል የሚያሰላበት መንገድ አገኘ። በዚያ ዘመን የምድር ቤት ሠራተኞች ከሚፈነዳው ብርጭቆ ለመዳን የብረት ጭምብል ያጠልቁ ነበር። ዛሬ ስሌቱ ይታወቃል፤ በአንድ ሊትር 4 ግራም ያህል ስኳር አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይሰጣል። በተለምዶ የሚጨመረው 24 ግራም ገደማ ስለሆነ የሚገኘው ግፊት ወደ 6 ይጠጋል፤ ይህ ከቤት መኪና ጎማ ግፊት ከእጥፍ ይበልጣል።

ዋናው ታሪክ የሚጀምረው በ1860ዎቹ ነው። ያኔ አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። በዚያው ዘመን ናፖሊዮን 3ኛ የፈረንሳይ ወይን በመርከብ ሲሄድ እየተበላሸ በማስቸገሩ መንስኤውን እንዲመረምር ሉዊ ፓስተርን አዘዘው። ፓስተር ወይን በመስታወት ቱቦ እያሸገ አስቀመጠ። አንዳንዱን ቱቦ ጢም አድርጎ ሞላው፤ አንዳንዱን ደግሞ ግማሽ ሞልቶ ከላዩ አየር ተወለት። ጢም ያለው ብዙም ሳይለወጥ ቆየ። አየር ያገኘው ቀለሙ ተለወጠ፣ ዝቃጭ ጣለ፣ በአጭር ጊዜ አረጀ። ወይንን ኮምጣጤ የሚያደርገው ሕይወት ያለው ረቂቅ ነገር መሆኑን፣ ለሥራውም አየር የግድ እንደሚያስፈልገው አሳየ። ጥናቱን በ1866 በመጽሐፍ አወጣው፤ ክሊኮ ያረፈችውም በዚያው ዓመት ነው።

የጥያቄያችን ግማሽ እዚህ ላይ ይመለሳል። ጠጁን የሚያኮመጥጠው አምቡላው ብቻውን አይደለም። ጋን የሸክላ ዕቃ ነው፤ ይተነፍሳል። አፉ በጨርቅ ይሸፈናል፤ ለመቅዳት በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሞገሴ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው በ2001 እና በ2006 ባሳተሟቸው ጥናቶች በርካታ የጠጅ ናሙናዎችን መርምረው፣ አንድ ጠጅ ከሌላው በአልኮልም በኮምጣጣነትም እጅግ እንደሚለያይ፣ ከእርሾውም ጋር ብዙ ዓይነት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ አብሮ እንደሚኖር አሳይተዋል። ጠጅ እንግዲህ አንድ ሠራተኛ ብቻ የሚሠራው መጠጥ አይደለም። ጠጅ ጣይዋ ቶሎ የምታጠልለው ያንን ሁሉ ሠራዊት ከዘረፋው ለማገድ ነው፤ ከላቦራቶሪ ባለሙያ የማያንስ ፍርድ ነው።

ሌላው ግማሽ መልስ ያገኘው በአጋጣሚ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር በ1890ዎቹ እርሾን በአሸዋ እየፈጨ፣ እየጨመቀ ጭማቂውን ያወጣ ነበር። ዓላማው መድኃኒት ነበር። ጭማቂው ቶሎ ስለሚበላሽበት፣ የቤት እመቤት ፍራፍሬ እንደምታቆየው፣ ብዙ ስኳር ጨመረበት። ጭማቂው አረፋ ማውጣት ጀመረ። ውስጡ አንድም በሕይወት ያለ እርሾ አልነበረም፤ ስኳሩ ግን ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ እየተለወጠ ነበር። ቡክነር ይህን በ1897 አሳተመ፤ በ1907 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ፓስተር ያለ ሕያው እርሾ ፍላት የለም ብሎ ነበር። ቡክነር ያሳየው ሕዋሱ ቢሞትም በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራቸውን እንደማያቆሙ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ሬምስ ጉድጓድ እንውረድ። ጠርሙሱ ሲዘጋ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ወይን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል የእርሾ ሕዋስ አለ፤ ስኳሩን እየበላ ይበዛል። ከ10 እስከ 12 ዲግሪ በሆነ ብርድ ሥራው ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ስኳሩ ያልቃል፣ አልኮሉ ከ12 በመቶ ያልፋል፣ ግፊቱ ይጨምራል፤ እርሾው ይሞታል። ከዚያ ለወራት ምንም የሚታይ ነገር የለም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ግን የሞተው ሕዋስ ኢንዛይሞች የገዛ ቤታቸውን ማፍረስ ይጀምራሉ። ፕሮቲኑ ወደ አሚኖ አሲድ ይሰበራል። የሕዋሱ ግድግዳ ሲፈርስ ማኖፕሮቲን የሚባለው የስኳርና የፕሮቲን ውሕድ ወደ ወይኑ ይለቀቃል። ስብም፣ የዘር ቅንጣቱም ስባሪ ይወጣል። ሳይንሱ ይህን ኦቶሊሲስ ይለዋል።

ሂደቱ በጣም ቀርፋፋ ነው፤ ቀርፋፋነቱ ነው ጥቅሙ። ለአፍ የሚሰማው ልስላሴ፣ አረፋው የሚይዘው ደቃቅነት፣ በቅቤ የተጋገረ ዳቦ የሚመስለው ሽታ ሁሉ በወራት ሳይሆን በዓመታት የሚመጣ ነው። ሕጉም ይህን ያውቃል። ዓመት ያልተጻፈበት ሻምፓኝ ቢያንስ 15 ወር ይቆያል፤ ከዚያ ውስጥ 12ቱን ከአተላው ጋር ነው። የመልካም ዓመት ምርት ሆኖ ዓመቱ የተጻፈበት ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት ከምድር ቤት አይወጣም። ታላላቆቹ ቤቶች ይህን እጥፍና ከዚያ በላይ ያስጠብቁታል። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ጥያቄ የዓመቱ ብዛት አይደለም፤ ወይኑ ያንን ዓመት የሚሸከም አሲድ አለው ወይ ነው። ደካማ ወይን አተላ ላይ ቢከርም የሚያተርፈው እርጅና ብቻ ነው።

ነገሩን ለዓለም በጉልህ ያሳየችው ሌላ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሊሊ ቦላንዤ ከ1941 ጀምሮ የቤተሰቡን የሻምፓኝ ቤት ለ30 ዓመት መርታለች። በ1960ዎቹ ሌሎች ነጋዴዎች አዲስ አዲሱን ሲሸጡ፣ እሷ ከነአተላው ተኝቶ የቆየውን የ1952 ምርት አውጥታ አተላውን በቅርቡ እንዳስወገደች በግልጽ ጽፋ ለገበያ አቀረበችው። የሚገርመው ይህ ነው፤ ወይኑ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ያው የ1952 ምርት ሆኖ ቀደም ብሎ አተላው ከተወገደለት ጠርሙስ ይልቅ ትኩስ ነበር። በዕድሜ እኩል ናቸው፤ አንዱ ግን አልደከመም።

ምክንያቱ በኋላ ተገኘ። በደቡብ ፈረንሳይ ሞንፔሊዬ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሞተ እርሾ ኦክስጅን እንደሚውጥ ለኩ። በቡሹ ወይም በክዳኑ በኩል እየሰረገ የሚገባውን ጥቂት አየር ወይኑን ሳያገኘው አተላው ይይዘዋል። የፓስተር ቱቦና የቡክነር ጭማቂ እዚህ ተገናኙ። እርሾው በአንድ በኩል ሀብቱን እያፈሰሰ ወይኑን ያበለጽጋል፤ በሌላ በኩል ወይኑን ከእርጅና ይጠብቀዋል። አተላው በወጣ ዕለት ይህ ጠባቂ አብሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ወይኑ ሌላ ዓይነት እርጅና ይጀምራል፤ ለውዝና ማር ወደሚመስል ጣዕም እየሄደ ያረጃል። ያንን የሚመርጡ ሰዎች አሉ፤ መብታቸው ነው።

ለእኛ አገር ሰው ቅርብ የሆነው ግኝት የመጣው በ2003 ነው። ጃፓናዊው ታካቶሺ ቶሚናጋ ከዴኒ ዱቡርድዩ ጋር ቦርዶ ውስጥ ያረጁ ሻምፓኞችን ሽታ ሲመረምሩ፣ በውስጣቸው ድኝ ያለባቸው፣ በሊትር በናኖግራም የሚለኩ፣ ግን አፍንጫ የማይስታቸው ውሕዶች አገኙ። አንዱ ፉርፉሪልታዮል ነው። ይህ ውሕድ የተቆላ ቡናን የተቆላ ቡና ከሚያሰኙት ዋና ዋና ሽታዎች አንዱ ነው። ቡናው በምጣድ ላይ ሲቆላ፣ ጭሱ በቤቱ ሲዞር የሚሸተው ያ ነገር፣ እሳት በማያውቅ ብርዳም ጉድጓድ ውስጥ፣ በ10 ዲግሪ፣ በዓመታት ብዛት ይፈጠራል። እሳት በደቂቃ የሚሠራውን ጊዜ በአሥር ዓመት ይሠራዋል። በ2020 ደግሞ የኮፐንሃገኑ ኦሌ ሞሪትሰንና ባልደረቦቹ ከሞተው እርሾ ወደ ሻምፓኙ የሚገባውን ግሉታሜት ለኩ፤ ሥጋን፣ የሥጋ መረቅን የሚያጣፍጠው ያው ነገር ነው። ያረጀ ሻምፓኝ ከምግብ ጋር የሚስማማበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጊዜው ብቻውን፣ ያለ አተላ፣ ምን ይሠራል? ይህን ማንም ሆን ብሎ ሊሞክረው አይችልም፤ ባሕር ሞከረው። በሐምሌ 2010 በፊንላንድ ኦላንድ ደሴቶች አጠገብ ጠላቂዎች 50 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ የሰመጠች መርከብ አገኙ። ከውስጧ 168 ጠርሙስ ሻምፓኝ ወጣ፤ ከመካከሉ የክሊኮ ቤት ምርት ነበረበት። ዕድሜው ወደ 170 ዓመት ይጠጋል። የሬምሱ ፊሊፕ ዣንዴ በ2015 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ምርመራ፣ በወይኑ ውስጥ በሊትር 140 ግራም የሚያልፍ ስኳር ተገኘ፤ የዘመኑ ሰው እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነበር የሚወደው። ሲከፈት መጀመሪያ የሸተተው እርጥብ ጸጉርና አይብ ነበር። ብርጭቆው ውስጥ ተዟዙሮ አየር ካገኘ በኋላ ግን የጭስ፣ የቆዳ፣ የቅመም፣ ቀጥሎም የአበባና የፍራፍሬ ሽታ ወጣ። አልኮመጠጠም። ብርሃን አልነበረም፤ ውሃው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነበር፤ በዚያ ጥልቀት የባሕሩ ግፊት ከጠርሙሱ ግፊት ጋር ይቀራረባል። የጎደለው አረፋው ነበር፤ ጋዙ አብዛኛው ሄዷል።

ይህ የጋዝ ነገር ለረጅም ዘመን በግምት ሲነገር ቆይቶ በ2023 ቁጥር አገኘ። የሬምስ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ዤራር ሊዤ ቤሌርና ባልደረቦቹ ከ25 እስከ 47 ዓመት የቆዩ የ13 የተለያዩ ዓመታት ምርቶችን ከፍተው የቀረውን ጋዝ ለኩ። ጋዙ በክዳኑ በኩል ዓመት ከዓመት ያመልጣል። ጠርሙሱ ትልቅ ሲሆን ከወይኑ ብዛት አንጻር ማምለጫው ያንሳል። በስሌታቸው መሠረት የ75 ሴንቲ ሊትር ጠርሙስ አረፋ መስጠት የሚችለው 40 ዓመት ገደማ ነው። ባለ 1.5 ሊትሩ 82 ዓመት፣ ባለ 3 ሊትሩ 132 ዓመት ይቆያል። ለልጅ ልጅ የሚያቆይ ሰው ትልቁን ይግዛ ማለት ነው።

ወደ ጠጁ ልመለስ፤ ጉዳዩ ከልብ የሚያሳስበኝ በዚህ በኩል ነውና። ጠጅም እንደ ሻምፓኝ ከአተላው ጋር እንዳይከርም የሚከለክለው የተፈጥሮ ሕግ የለም። የሚያስፈልገው ከአየር የተጠበቀ ጠንካራ ጠርሙስ፣ ንጹሕ እርሾና ብርድ ነው። ብርዱን በስሌት እንየው። ከመሬት ጥቂት ሜትር ወርዶ ያለው ሙቀት የቦታውን የዓመት አማካይ ሙቀት ይዞ ይቆያል፤ የሬምስ ጉድጓድ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ የሆነው በዚህ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ሆና የዓመት አማካይዋ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጥሩ ምድር ቤት ነው፣ ግን በመጠኑ ይሞቃል። ወደ ላይ አንድ ሺህ ሜትር በተወጣ ቁጥር ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የሬምስን ጉድጓድ የሚመስል የመሬት ውስጥ ብርድ የሚገኘው ገብስና ድንች በሚዘራበት የጉና ትከሻ ላይ፣ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ የሚቆፈር አንድ ጉድጓድ ያለ መብራት፣ ያለ ማቀዝቀዣ ዓመቱን ሙሉ እኩል ይበርዳል። ከመስከረምና ጥቅምት አበባ የሚቆረጠው የደቡብ ጎንደር ማር እዚያ፣ ከጌሾው ጋር ወይም ያለ ጌሾው፣ በታሸገ ጠርሙስ ከነእርሾው ቢተኛ ሦስት ዓመት ቆይቶ ምን እንደሚሸት የምርምር ጥያቄ ነው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ንብ አናቢው አለ፣ ተራራው አለ። ማር ከወይን ጭማቂ ጋር ሲነጻጸር እርሾ የሚመገበው ናይትሮጅን እጅግ ያንሰዋል፤ የእርሾው መጠንም የሚለቀውም ነገር ሊያንስ ይችላል። መጀመሪያ መለካት ያለበት ይህ ነው።

እስከዚያው ድረስ ዓመት የተጻፈበት ሻምፓኝ ከውጭ የመጣለት ሰው ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ያንብብ። ጥሩ ቤቶች አተላው የወጣበትን ወር ወይም ዓመት ይጽፉበታል፤ ከምርቱ ዓመት ይልቅ ስለ ጣዕሙ ብዙ የሚናገረው እሱ ነው። መደርደሪያ ላይ አምፖል ሥር አያቁመው፤ ብርሃን በወራት ሳይሆን በቀናት ሊያበላሸው ይችላል። ከፍታ ላይ ሲከፈት ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። በደብረ ታቦር የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል፤ አረፋው ትልቅ ይሆናል፤ ጋዙም በፍጥነት ይወጣል። በ10 ዲግሪ 6 የነበረው የጠርሙሱ ግፊት በ20 ዲግሪ ወደ 8 ይደርሳል። ስለዚህ ከሌላው አገር ይልቅ እዚህ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ቡሹ በእጅ ተይዞ ቀስ ተብሎ ይፈታ፤ ጠርሙሱም ዘንበል ተደርጎ በጠባብ ብርጭቆ ይቀዳ።